ልጄ የኅብረ ዝማሬ ክበብ ገባች፤ ምን ይጠበቅባታል?

በዚህ እትም የምመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት። ሦስቱም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዝማሬ ክበብ ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ አንድ ላይ ማስተናገዱን መረጥኩ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ እናት ናቸው፤ ሁለተኛው ክበቡን እንዲመራ የተመደበ መምህር ነው፤ ሦስተኛው ተማሪ ነው። የተማሪው ደብዳቤ ከሁሉም አጭር ቢሆንም ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ዘንድሮ በትምህርት ቤቷ በተቋቋመው የኅብረ ዝማሬ ክበብ ተመዝግባለች። ባለፈው ሳምንት ወላጅ ፈርሞ እንዲመልሰው የተባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ልምምድ እንዳለ፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ተማሪ እንደሚሰረዝ፣ ለወላጆች ቀንም ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሀበሻ ቀሚስ ማሰፋት እንዳለባቸው ይገልጻል። መዘመሯን አልጠላም፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ትዘምራለች። ነገር ግን ትምህርቷ እንዳይጎዳ፣ መሽቶባት እንዳትመጣ፣ በዐቢይ ጾምም በባዶ ሆዷ ቆማ እንዳትደክም እሰጋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙሯ ጋርስ አይጋጭባትም? ልፈርምላት ወይስ ይቅርባት?»

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ይፈርሙላት። ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ብለው የክበቡን ኃላፊ መምህር ስለ ቀሚሱ፣ ስለ መሰረዙ ሕግ፣ ስለ ልምምድ ቀኖቹ ብዛትና ልምምዱ ስለሚያልቅበት ሰዓት ያነጋግሩ። በወረቀቱ ላይ ያለው የቀረው ነገር፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ልጅዎን አይጎዳም።

በቅድሚያ ልጆቹ በልምምድ ሰዓት ምን እንደሚሠሩ ልንገርዎ፤ ብዙ ወላጅ ልምምድ ሲባል አንድ ዘፈን ደጋግሞ መጮኽ ይመስለዋልና። በደንብ የሚመራ የአንድ ሰዓት ልምምድ ሲጀመር ከክፍሉ ውጭ ለቆመ ሰው ዘፈን አይሰማም። ተማሪዎቹ ቆመው አንገታቸውንና ትከሻቸውን ያፍታታሉ፤ በአፍንጫቸው ቀስ ብለው አየር ይስባሉ፤ የሳቡትንም አየር መምህሩ እስከ 12 ወይም እስከ 16 እስኪቆጥር ድረስ «ስስስ» እያሉ ሳያቋርጡ ያወጡታል። ከዚያም አፋቸውን ገጥመው «እምምም» እያሉ ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው፣ ከከፍተኛውም መልሰው ወደ ዝቅተኛው ይመላለሳሉ። ይህ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይወስዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማዎ፣ በተለይ ውርጭ በሚጥልባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ይህን ማሟሟቂያ ዘሎ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ዜማ የሚገባ መምህር ካጋጠመዎ ያን ጊዜ ቅር ይበልዎ።

ከማሟሟቂያው በኋላ ዜማው ስንኝ በስንኝ ይያዛል። መምህሩ ያዜማል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች፣ ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው ሴቶችና ወንዶቹ የየራሳቸውን መስመር ለየብቻ ይለማመዳሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ክበቡ ከልጅዎ የሚጠብቀው ከባዱ ነገር ዝምታ ነው ብል ይገረሙ ይሆናል። ወንዶቹ መስመራቸውን በሚይዙበት 10 ደቂቃ ሴቶቹ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። በዚያ ጊዜ ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር የምታወራ ተማሪ የራሷን መስመር ብቻ አውቃ ትወጣለች፤ የምታዳምጠው ግን ሁለቱን ይዛ ትወጣለች። በዝማሬ ክበብ ውስጥ ጎበዝ የምትባለው ልጅ፣ እየዘመረች ከጎኗ ያለችውን ልጅ ድምፅ መስማት የምትችል ናት። የጓደኛዋ ድምፅ ካልተሰማት የራሷ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል በየዓመቱ «ድምፅ የላቸውም» ተብለው የመጡ ልጆች በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የቡድኑ ምሰሶ ሲሆኑ፣ በሠፈር ሠርግ የተጨበጨበላቸው ደግሞ ሲያስቸግሩ ያየሁት።

ስለ መቅረት መምህሩ ጥብቅ መሆናቸው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ምናልባት በወረቀቱ ላይ አልተገለጸም። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ዜማ የሚጠናው በጆሮ እንጂ በኖታ ስላልሆነ፣ ማክሰኞ የቀረች ልጅ ያመለጣትን በወረቀት አንብባ ልታካክስ አትችልም። ሐሙስ ስትመጣ ባለፈው ሳምንት የምታውቀውን ዜማ ትዘምራለች፤ በግራና በቀኟ ያሉትንም ወደዚያው ትስባቸዋለች፤ መምህሩም ማክሰኞ የሠሩትን ሐሙስ ደግመው ሊሠሩት ነው። ይሁንና ሁለት ቀን መቅረት ለመሰረዝ የሚያበቃ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ በመኸር ወቅት ገጠር ያለውን ቤተሰብ መርዳት ይመጣል። ሕጉ «ሳያስታውቅ የቀረ» በሚል ቢስተካከል፣ ያስታወቀም ያመለጠውን ከመስመሩ መሪ ጋር በዕረፍት ሰዓት እንዲይዝ ቢደረግ የተሻለ እንደሚሆን ለመምህሩ በትሕትና ይንገሯቸው።

በሳምንት ሦስት ቀን ግን ይበዛል። በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ድምፅ ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ሦስተኛው ቀን ዝግጅት ሲቃረብ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ቢጨመር ነው። ትምህርትን የሚጎዳው በፕሮግራም የታወቀው የሳምንቱ ሁለት ሰዓት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በዓል ሲደርስ «ዛሬ እንግዳ አለ» እየተባለ ልጆቹን ከሒሳብና ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በሚያስወጣው ድንገተኛ ጥሪ ነው። መምህሩን ሲያነጋግሩ ቃል የሚያስገቧቸው በዚህ ላይ ይሁን። ልምምዱ 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ካለቀ ልጅዎ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቷ ትደርሳለች፤ ቢቻል በአንድ መንገድ የሚሄዱ ልጆች አብረው እንዲመጡ ያስማሙ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ከክበቡ ነፃ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ይህ ለልጅዎ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

ስለ ጾሙ ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው። መዘመር የሆድንና የጎንን ጡንቻ የሚያሠራ ሥራ ስለሆነ በባዶ ሆድ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየር መሳብና መልቀቅ ያዞራል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ልጆች 10 ሰዓት ከሚጀመረው ልምምድ በፊት ትንሽ ቀምሰው እንዲገቡ፣ እስከ ማታ የሚቆዩት ደግሞ ተቀምጠው እንዲለማመዱ መፍቀድ ለመምህሩ አይከብዳቸውም። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ተማሪዎች ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ውሃም አይቀምሱምና። ለእነርሱ ልምምዱን ማሳጠር፣ ከተቻለም ወደ ጠዋት ማምጣት ይበጃል። አንዳንድ ወላጆች «በሁዳዴ ዘፈን አይገባም» ብለው ልጆቻቸውን ለ55 ቀናት ሲያስቀሩ አይቻለሁ። ይህን ለሚያምን ቤተሰብ ክርክር አያስፈልገውም፤ በእነዚያ ሳምንታት ክበቡ በትንፋሽ ልምምድ፣ በንባብና በግጥም አጠናን ላይ ቢያተኩር ማንም ከማንም አይጣላም።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይጋጫል ወይ ላሉት፣ አይጋጭም። ግራ የሚያጋባው ስያሜው ነው፤ «መዘምራን» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ነጭ ለብሶ ጸናጽል የያዘ ሰው ስለሆነ፣ ክበቡ «የሙዚቃ ክበብ» ቢባል ኖሮ ምናልባት ይህን ጥያቄ ባላነሡ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ስለሚያዝ፣ በትምህርት ቤት ክበብ የሚዘመረው ስለ ሀገር፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ እርሻና ስለ ክረምት፣ ስለ ዓድዋ ነው፤ የየትኛውም እምነት መዝሙር አይደለም። ኦርቶዶክሷ፣ ሙስሊሟና ፕሮቴስታንቷ በአንድ መደዳ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ይልቅ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ለመምህሩ ትልቅ ጸጋ ናቸው፤ ረጅም ዜማ በቃል መያዝ ለምደዋል፣ ትንፋሻቸውም የተገራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራቸዋል። እያንዳንዷ የለመደችውን ማዞሪያና መጎተቻ በየስንኙ መጨረሻ ላይ ትጨምራለች፤ በክበቡ ግን ሠላሳውም ልጅ ድምፁን በአንድ ቅጽበት አንሥቶ በአንድ ቅጽበት መጣል ይጠበቅበታል። ልጅዎ በመጀመሪያው ወር በዚህ ጉዳይ ብትታረም አይክፋት።

ቀሚሱን በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ አያሰፉ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የተባለው ነገር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ሁሉም ዩኒፎርማቸውን አጥበውና ተኩሰው፣ ሴቶቹ ከየቤታቸው ያለውን ነጠላ ጣል ቢያደርጉበት ከመድረክ ላይ ከበቂ በላይ ያምራል። በቀሚስ ገንዘብ ምክንያት አንዲት ልጅ ከክበቡ ከቀረች፣ ጉዳቱ ገንዘቡ ካጎደለበት ቤት አልፎ እርሷ የያዘችውን መስመር ይነካል። በዚህ ላይ ብቻዎን ከሚናገሩ ሌሎች እናቶችን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ጉሮሮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዝንጅብል በማር ያሞቃል፣ ደስም ይላል፤ ነገር ግን የምንውጠው ነገር የድምፅ አውታሮችን አይነካቸውም፤ ምግብና መጠጥ የሚያልፈው በሌላ ቧንቧ ነው። የድምፅ አውታር የሚርሰው መላው ሰውነት በቂ ውሃ ሲያገኝ በመሆኑ፣ ልምምድ ከመጀመሩ አምስት ደቂቃ በፊት ከሚጠጣ ትኩስ ሻይ ይልቅ ከጠዋት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ውሃ ይጠቅማታል። በብርድ ጠዋት ስትወጣም አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና በአፍንጫ ብትተነፍስ አየሩ ሞቆና ረጥቦ ይገባል።

ጥያቄ፦ «በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። ርእሰ መምህሩ ‹አንተ ግጥም ትወዳለህ› ብለው የዝማሬ ክበቡን ሰጡኝ። ሙዚቃ ተምሬ አላውቅም። ኪቦርድ የለንም፤ ቢኖርም መብራቱ አያስተማምንም። ተማሪዎቼ 34 ናቸው። በቴሌቪዥን እንደሚታየው በአራት ድምፅ ማዘመር እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?»

መልስ፦ መምህር፣ ርእሰ መምህሩ ያሉት ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛውን ሰው ሳይመርጡ አልቀሩም። በአማርኛ ለሚዘመር ኅብረ ዝማሬ ከኪቦርድ በፊት የሚያስፈልገው ቋንቋውን የሚሰማ ጆሮ ነው፤ ያ ደግሞ ሙያዎ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን ያመለክታል፣ «ና» ሲጠብቅ የታኅሣሡ በዓል ይሆናል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ይነግረናል፤ «ዋና»ም እንዲሁ። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን ይህ አያስቸግርም፤ የሰማው ሁሉ ከዐውዱ ይረዳዋል። 34 ተማሪዎች አብረው ሲዘምሩ ግን ግማሾቹ አጥብቀው ግማሾቹ አላልተው ካሉት፣ አድማጩ የሚሰማው አንድ የተድበሰበሰ ነገር ነው። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይያዛል፤ የሚያዘውም በሁሉም አፍ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ዜማውን ከማስጀመርዎ በፊት ግጥሙን በሰሌዳ ይጻፉ፣ የሚጠብቁትን ፊደላት ከላያቸው ነጥብ ያድርጉባቸው፣ ልጆቹም ያለ ዜማ፣ በምቱ ብቻ፣ እንደ ንባብ ደጋግመው ይበሉት። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ባሉባቸው ቃላት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። እነዚህ ፊደላት ፈንድተው የሚወጡ ስለሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካላሏቸው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣሉ። ስንኙ በ«ስ» ወይም በ«ሽ» ሲያልቅም መጨረሻውን በእጅ ምልክት ይዝጉት፤ አለዚያ ሲፉጨት ይቆያል።

ግጥሙን እርስዎ ወይም ተማሪዎችዎ የምትጽፉት ከሆነ ደግሞ ሌላ ምስጢር አለ። ረጅምና ከፍ ያለ ድምፅ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ራብዕ ወይም ሳብዕ ፊደል ይኑር፤ «ላ»፣ «ና»፣ «ሮ» አፍን ስለሚከፍቱ ድምፁ በነፃነት ይወጣል። እዚያው ቦታ ላይ ሣልስ ወይም ሳድስ ሲገጥም ጉሮሮ ይጠባል፤ ልጆቹም ይጮኻሉ። ለየካቲት 23 የሚሆን የሁለት አንጓ ግጥም ተማሪዎችዎ ራሳቸው እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ የአማርኛው ትምህርትም የዝማሬውም ልምምድ በአንድ ድንጋይ ይመታሉ።

አራቱን ድምፅ ለጊዜው ይርሱት። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ የሚባሉት፣ ከቀጭኑ የሴት ድምፅ እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ፣ የጎለመሱ ሰዎች ድምፅ ክፍፍሎች ናቸው፤ በ15 ዓመት ዕድሜ እውነተኛ ባስ የሚባል ልጅ ማግኘት ብርቅ ነው፤ የእኛም ዜማ በአብዛኛው አንድ መስመር ሆኖ የኖረ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ሁሉንም በአንድ ዜማ ያዘምሩ፣ ሴቶቹ በላይ ወንዶቹ በታች። ይህ ቀላል መስሎ ይታያል፤ 34 ሰው አንድ ዜማ እንደ አንድ ሰው ካዜመ ግን ብዙ ባለአራት ድምፅ ቡድኖች ያልደረሱበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል።

መነሻው አገር ቤት አለልዎ። እያንዳንዱ ተማሪዎ በልጅነቱ ቡሄ ጨፍሯል፣ በእንቁጣጣሽ አበባ ይዛ የዞረችም አለች፤ አውጪና ተቀባይ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን አንዱን አውጪ አድርገው ሌሎቹን ያስቀብሉ፤ በየሳምንቱም አውጪውን ይቀያይሩ። ይህን ሲያደርጉ ማንንም «ፈተና» ብለው ሳያስጨንቁ የ34ቱንም ድምፅ ይሰማሉ፤ ማን ከየት እስከ የት እንደሚደርስም በማስታወሻ ይይዛሉ። እኔ ልጅን ሰው ፊት ብቻውን አቁሞ በማዘመር መምረጥን አልወደውም፤ በዚያ መንገድ የሚመረጠው ድፍረት ነው፤ ድምፅ አይደለም። ዜማ ጨርሶ የማይይዝ ልጅ ቢያጋጥምዎ ዜማ በደንብ በያዙ በሁለት ልጆች መካከል ያቁሙት፤ በሁለት ወር ውስጥ የሚለወጡት ይበዛሉ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሁለተኛ መስመር ሲያስቡ ቅኝቱን ያስተውሉ። ከአራቱ ቅኝቶች መካከል ትዝታ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ በድምፆቹ መካከል ግማሽ ድምፅ የሚባል ጠባብ ርቀት ስለሌለው የትኛውም ድምፅ ከየትኛውም ጋር ቢገጥም ክፉኛ አይጋጭም። ስለዚህ ሴቶቹ ዜማውን ሲጀምሩ ወንዶቹ አንድ ስንኝ ዘግይተው ያንኑ ዜማ ቢከተሏቸው፣ ያለ ምንም ኖታ ኅብር ይፈጠራል። ይህንኑ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቢሞክሩት ግን ጠባቦቹ ርቀቶች ተጋጭተው ጆሮ ይቆርጣሉ፤ ለእነርሱ የሚሻለው ግማሹ ቡድን መነሻ ድምፁን «ኦ» ብሎ ይዞ ሲቆይ ሌላው እንዲያዜም ማድረግ ነው። ባቲን ሞክረው ይዩት።

መነሻ ድምፁን ለማግኘት ኪቦርድ አያስፈልግዎትም፤ በሚገባ የተቃኘ ክራር ወይም በስልክ ላይ ያለ መቃኛ ይበቃል። ዋናው ነገር ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ብሔራዊ መዝሙሩ ለምን መሐል ላይ ሲደርስ እንደሚሰነጠቅ አስተውለው ያውቃሉ? መጀመሪያ የጀመረው ልጅ ከፍ አድርጎ ስለጀመረው ነው፤ በብርድ ጠዋት፣ ሳይሟሟቅ፣ ገና ቁርሱ ሳይፈጭ። ክበብዎ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ይሁን፤ ስድስት ልጆች መነሻ ድምፁን ቀድመው ይዘው ከሰልፉ ፊት ቢቆሙ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ይከተላቸዋል። በንፋሱ ምክንያት ከጀርባቸው ግድግዳ እንዲኖር ያድርጉ።

ስለ ማይክሮፎን ብዙ አልልም። አንድ ማይክ ከአንዲት ልጅ አፍ ሥር ካለ አድማጩ የሚሰማው እርሷን ብቻ ነው፤ ራቅ አድርገው ያቁሙት ወይም ይተዉት። በወላጆች ቀንም መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ እንደማይፈቀድ አስቀድመው ያስነግሩ። ሸላሚው በቅንነት ነው የሚወጣው፤ ነገር ግን አንዷ ተሸልማ 33ቱ ሲያዩ ዜማው እዚያው ይፈርሳል። ሽልማቱ በሳጥን ገብቶ ለክበቡ ከበሮ ይገዛበት።

ጥያቄ፦ «የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ 9ኛ ክፍል። አምና 8ኛ ክፍል እያለሁ ጥሩ ድምፅ አለህ ተብዬ በየበዓሉ አውጪ ነበርኩ። አሁን ድምፄ እየተሰነጠቀ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይጎረንናል፤ ልጆች ይስቁብኛል። የክበቡ አለቃም ‹ዜማ ታበላሻለህ፣ ውጣ› አለኝ። ድምፄ በዚሁ ጠፍቶ ይቀራል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይጠፋም። እየሆነብህ ያለው በአንተ ዕድሜ ባለ ወንድ ልጅ ሁሉ ላይ የሚሆን ነው፤ ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ማንቁርት ያድጋል፣ በውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮችም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። የክራር ጅማት ሲወፍርና ሲረዝም ድምፁ እንደሚወርድ ታውቃለህ፤ የአንተም በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ገደማ ይወርዳል። ሴቶችም ይለወጣሉ፤ የእነርሱ ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይስቅባቸውም። የሚሰነጠቀው ጡንቻዎችህ አዲሱን መጠን ገና ስላልለመዱት ነው፤ ለአንዳንዱ በወራት ውስጥ ይረጋል፣ ለሌላው ከዓመት በላይ ይወስዳል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ዝም ማለት አይጠቅምህም፤ የአምናውን ዜማ በአምናው ከፍታ ለማውጣት መታገል ደግሞ ይጎዳሃል። በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ አፍህን ገጥመህ «እምምም» በል፤ ሳይሰነጠቅ የሚወጡልህን አምስት ወይም ስድስት ድምፆች ፈልገህ ያዝ። የምትዘምረው በእነዚያ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ዜማው ከእነርሱ ሲወጣ ዝም በል፣ ሲመለስ ግባ። ለመምህሩ ይህን ብትነግራቸው በጥቂት ድምፆች ብቻ የሚሄድ መስመር ሊሰጡህ ይችላሉ፤ እስከዚያው ድረስም ከበሮውን ያዝ፤ ምት የሚጠብቅ ሰው ለማንኛውም ክበብ ያስፈልጋል። በኳስ ሜዳ አትጩህ፤ በዚያ ቆላ ሙቀት ውሃ አዘውትረህ ጠጣ። ድምፅህ መሰንጠቁ አልፎ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ከታፈነ፣ ወይም ስትናገር ካመመህ ግን ነገሩ ከዕድሜ ለውጥ የተለየ ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

አለቃህ ማንንም የማስወጣት ሥልጣን የለውም፤ ይህ የኃላፊው መምህር ጉዳይ ነው። ይህን ገጽ ይዘህ ወደ መምህሩ ሂድና ድምፅህን በየሁለት ወሩ እንዲሰሙልህ ጠይቃቸው፤ በመስከረም የሚስማማህ መስመር በሰኔ ላይስማማህ ይችላል። አለቃውም የ10ኛ ክፍል ልጅ ከሆነ አብሮህ እንዲሰማ ንገርልኝ፤ የራሱም ድምፅ ገና ሳይረጋ አይቀርም።